ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፤ ስለ ውድ የጆሮ ማዳመጫዎችና ስለ ገምጋሚዎች ምስክርነት

ነጋዴ የሚነግድበትን ሸቀጥ ሁሉ በገዛ እጁ ዳስሶ፣ በገዛ ዐይኑ መርምሮ ሊገዛ አይቻለውም። ጨርቅን በመዳሰስ፣ ቅቤን በማሽተት፣ እህልን በመዳፉ አፍሶ በማየት የሚለይ ሰው እንኳ ከባሕር ማዶ የሚያስመጣውን ዕቃ የሚያዝዘው የሌላውን ሰው ቃል አምኖ ነው። ስለዚህ የማን ቃል ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ ለንግድ ሥራ የጎን ጉዳይ ሳይሆን ዋና ገንዘብን የሚያተርፍ ወይም የሚያጠፋ ጉዳይ ነው። ይህም ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሸቀጦች አንዱ ዋጋው ከፍ ያለ የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ለነገሩ ማስረጃ ይሆን ዘንድ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ባለሱቅ ይታሰብ። ይህ ሰው አንድ ስመ ጥር ገምጋሚ ስለ አንድ የጆሮ ማዳመጫ የጻፈውን ውዳሴ ያነባል። የዕቃው ድምፅ የጠራ መሆኑን፣ የሙዚቃው መሣሪያ ሁሉ በየቦታው ተለይቶ የሚሰማበት መሆኑን፣ ከዋጋውም በላይ የሚያወጣ መሆኑን ገምጋሚው መስክሯል። ባለሱቁም ምስክርነቱን አምኖ ሃያ አራት ያዝዛል፤ የውጭ ምንዛሪ ተራውን ይጠብቃል፤ የባንኩን፣ የጭነቱንና የጉምሩኩን ሒሳብ ይከፍላል። ዕቃው ገብቶ በመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ በሳምንቱ የመጀመሪያው ገዢ ይመለስና «ወንድሜ፣ ከስልኬ ጋር ሳገናኘው ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይደክማል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እኔ የምሰማውን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ይሰማል፤ የአውቶቡሱም ጩኸት ሳይቀነስ ይገባብኛል» ብሎ ገንዘቡን ይጠይቃል። ቀሪዎቹ ማዳመጫዎች አቧራ እየጠጡ ይከርማሉ፤ በእነርሱ ላይ የታሰረውም ገንዘብ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ገምጋሚው ግን አልዋሸም። እርሱ ዕቃውን የሞከረው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ነው። ማዳመጫው የኤሌክትሪክ መከላከል ኀይሉ 300 ኦም ስለሆነ የስልክ ጉልበት አይበቃውም፤ ጀርባውም ሆን ተብሎ ክፍት ስለተደረገ ድምፅ ያስወጣል፣ ያስገባልም። እንግዲህ ስሕተቱ የምስክሩ ሳይሆን የምስክርነቱን ወሰን ሳይጠይቅ የተቀበለው ሰው ነው። ሊቃውንቱን ፈጽሞ አለማመን አንድ ጥፋት ሲሆን፣ ያሉትን ሁሉ እንዳለ መቀበል ሌላው ጥፋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማግኘት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የዕቃው ታሪክ በአጭሩ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በ1910 በዩታ አገር የሠራው ማዳመጫ በአሜሪካ ባሕር ኀይል ተቀባይነትን ያገኘው ለሙዚቃ ሳይሆን ለሬዲዮ መልእክት ነበር። በ1937 የበርሊኑ ባየር ድርጅት ዲቲ 48 የተባለውን ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። በ1958 ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ ለስቴሪዮ ሙዚቃ የሚሆነውን የመጀመሪያ ማዳመጫ አወጣ። በ1968 ደግሞ የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414 የተባለውን፣ ጀርባው ክፍት የሆነውን ቀላል ማዳመጫ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሸቀጡ በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን ለሕዝብ ሁሉ የሚሆነው ርካሹ ዕቃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሙዚቃ አፍቃሪዎች የሚሠራው ውዱ ነው። የውዱ ወገን ዋጋ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ ለማወቅ፣ ዜንሃይዘር በ2015 ያስተዋወቀው ኤችኢ 1 የተባለው ማዳመጫ ከአምፕሊፋየሩ ጋር 50,000 ኢሮ ገደማ መጠየቁን መመልከት ይበቃል።

ዋጋው እንዲህ ሲንር ገዢው መካሪ መፈለጉ የማይቀር ነው። ጎርደን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ በ1962 ስቴሪዮፋይል የተባለውን መጽሔት ያቋቋመው፣ የዘመኑ የድምፅ መሣሪያ መጽሔቶች ማስታወቂያ የሚሰጧቸውን ፋብሪካዎች ላለማስቀየም ሲሉ እውነቱን ያለሳልሳሉ ብሎ ስላመነ ነበር። የሆልት ዘዴ ዕቃውን በቤት ውስጥ አገናኝቶ፣ ረጅም ጊዜ አዳምጦ፣ የሰማውን በቃል መጻፍ ነው። ዛሬ በመጽሔትም ሆነ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚቀርበው የግምገማ ሥራ አብዛኛው የዚያ ዘዴ ልጅ ነው።

የባለሙያ ጆሮ በምርመራ ሲፈተን

አንድ ሰው ብዙ ዘመን ስላዳመጠ ብቻ ጆሮው የታመነ ሚዛን ይሆናልን? ይህን ጥያቄ በሥርዓት ከመረመሩት ሰዎች መካከል ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱም ሐርማን በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ድርጅቱም ራሱ የድምፅ መሣሪያ ሠሪና ሻጭ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። በ1994 ያቀረቡት ምርመራ በማዳመጫ ላይ ሳይሆን በክፍል ውስጥ በሚቆሙ አራት የድምፅ ማጉያዎች ላይ የተደረገ ነው። አርባ የድርጅቱ ሠራተኞች አንድ ጊዜ ማጉያዎቹ በመጋረጃ ተሸፍነው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተገልጠው እያዩ ፍርድ እንዲሰጡ ተደረገ። መጋረጃው ሲነሣ ፍርዱ ተለወጠ፤ ትልቁና ውዱ ዕቃ ነጥቡ ከፍ አለ፣ ትንሹና ርካሹ ዝቅ አለ። ድምፁ ግን ያው የቀድሞው ድምፅ ነበር። የዕቃውን ስምና ዋጋ እያወቀ የሚፈርድ ሰው፣ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ዐይኑ ለጆሮው እንደሚፈርድለት ከዚህ ይታያል።

ኦሊቭ በ2003 ባሳተመው ሌላ ጥናት ከ250 የሚበልጡ አድማጮች ተፈትነዋል። ከመካከላቸው የድርጅቱ ሥልጡን አድማጮች፣ የድምፅ ዕቃ ሻጮች፣ ተማሪዎች፣ እንዲሁም የመጽሔት ገምጋሚዎች ይገኙባቸዋል። ከውጤቱ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ምርጫቸው ሲታይ ሁሉም ወገን በደረጃ ያስቀመጠው አንድ ዐይነት መሆኑ ነው፤ ዕቃዎቹ ሳይታዩ ሲሰሙ ተማሪውም ገምጋሚውም የወደደው ያንኑ ነው። ሁለተኛው፣ የፍርድን ጽናት በተመለከተ ሥልጡኖቹ አድማጮች ከሌሎቹ ሁሉ፣ ከገምጋሚዎቹም ጭምር፣ እጅግ በልጠው መገኘታቸው ነው። ይኸውም አንዱን ዕቃ ደጋግመው ቢሰሙ ነጥባቸው አይዋዥቅም። ስለዚህ ጆሮን የሚያጸናው በስም መታወቅ ወይም ለብዙ ዘመን መጻፍ ሳይሆን በሥርዓት መሠልጠንና በሥርዓት መፈተን ነው።

ዋጋስ ምስክር ይሆናልን? ጀሮን ብሬባርት የተባለው ተመራማሪ በ2017 ባወጣው ጥናት የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ አወጣጥ ከችርቻሮ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በሁለቱ መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ማለት ውዱ ዕቃ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ውዱ ዕቃ ጠንካራ ብረት፣ የለሰለሰ ቆዳ፣ ረጅም ዕድሜና መለዋወጫ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አመዛዝኖ በማውጣት በኩል ዋጋው ብቻ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው

ሰው ራሱን እንኳ በጆሮው ሊያታልል እንደሚችል አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው» ሲሉ አስቀድመው ተናግረዋል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ወሬ ቢሆንም፣ ለዚህ ጉዳይም የሚስማማ ነው። ከሁለት ማዳመጫዎች አንዱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ቢጮኽ ሰሚው «ይህኛው ይሻላል» ማለቱ የተለመደ ነው፤ የተሻለው ግን ጥራቱ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀነስ የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ይበልጥ ያጎድለዋል። ስለዚህ ድምፃቸው በመሣሪያ ተለክቶ እኩል ያልተደረገ ሁለት ዕቃዎችን ማወዳደር የተዛነፈ ሚዛን ላይ መመዘን ነው።

ሁለተኛው ነገር የአካል ልዩነት ነው። የጆሮ ቅርጽና የጆሮ ቀዳዳ ከሰው ሰው ይለያያል። መነጽር ያደረገ ወይም ጠጉሩ የበዛ ሰው የማዳመጫው ስፖንጅ በሚገባ አይገጥምለትም፤ በክፍተቱም ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል። ዕድሜም የራሱን ይወስዳል። ጤነኛ ወጣት ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ድረስ ይሰማል ቢባልም፣ ዕድሜ ሲጨምር ከላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። የሃምሳና የስድሳ ዓመት ገምጋሚ «ከፍ ያለው ድምፅ ለስላሳ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ የሃያ ዓመት ገዢ ያንኑ ዕቃ ጆሮ የሚወጋ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛው የአመል ልዩነት ነው። በኦሊቭና በባልደረቦቹ ቀጣይ ምርመራዎች ከአድማጮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አንድ ዐይነት የተመጣጠነ ድምፅ ሲወዱ፣ የቀሩት ግን ወፍራሙ ድምፅ እንዲበዛ ወይም እንዲያንስ ፈልገዋል። እንግዲህ ብዙውን ሰው የሚያስማማ ድምፅ አለ፤ ሁሉን ሰው የሚያስማማ ግን የለም። ነጋዴ መጀመሪያ ለብዙኀኑ የሚሆነውን ማስመጣቱ፣ ለጥቂቶቹም በልካቸው ጥቂት ማስቀመጡ የሚገባ ነው።

የምስክሩ ጥቅም

በፍርድ ቤት ምስክር ከባለጉዳዩ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ገምጋሚም ይህ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ዕቃውን በገንዘቡ ገዛውን? ወይስ ከፋብሪካው ተላከለትን? ከፋብሪካው የሚላክ ዕቃ ተመርጦ የተላከ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀጥለውም ዕቃ እንዲላክለት የሚፈልግ ገምጋሚ ብዕሩ ሊለሰልስ ይችላል። አንባቢው በጠቆመው በኩል ሄዶ ሲገዛ ኮሚሲዮን የሚከፈለው ገምጋሚም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሐሰተኛ ነው ማለት አይገባም፤ ነገር ግን ደላላ ለሻጭና ለገዢ መካከል ሆኖ ሲናገር ቃሉ እንደሚመዘን፣ የእርሱም ቃል በዚያው ልክ ይመዘን።

ይህን በማሰብ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 መመሪያውን አሻሽሎ፣ ዕቃን በነጻ ወይም በክፍያ ተቀብለው የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህንኑ እንዲገልጡ አሳስቧል፤ በ2024 ደግሞ ሐሰተኛ የደንበኞች ምስክርነትን መግዛትና መሸጥ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። በሌላ በኩል በአሜሪካ በ1936 የተቋቋመው የገዢዎች ማኅበር፣ ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለውን መጽሔት የሚያሳትመው፣ በጀርመንም በ1964 የተቋቋመው ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት፣ የሚመረምሩትን ዕቃ እንደ ማንኛውም ገዢ ከሱቅ ይገዛሉ። የእነዚህ ምስክርነት ለሙዚቃ አፍቃሪ የደረቀ ቢመስልም፣ ለነጋዴ ግን የከበደ ነው።

ከቡና ቀማሾች የሚገኝ ትምህርት

ለቡና ላኪዎቻችን ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ቡና በሥርዓት ሲቀመስ ናሙናው በቁጥር ይቀርባል እንጂ የማን ቡና እንደሆነ ለቀማሹ አይነገረውም። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተደረገው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድርም የተካሄደው በዚሁ ዐይነት ነው፤ ዳኞቹ ብዙ ናቸው፣ ሲኒዎቹ ብዙ ናቸው፣ ስሙ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የተሰወረ ነው። ቀማሹ የሚታመነው ምላሱ ከሌላው ሰው ምላስ የተለየ ስለተፈጠረ ሳይሆን፣ የሚቀምስበት ሥርዓት አድልዎን ስለሚከለክልና ፍርዱ ከባልደረቦቹ ፍርድ ጋር ስለሚነጻጸር ነው። የጆሮ ማዳመጫ ገምጋሚ ይህን የመሰለ ሥርዓት ቢጠበቅበት ፍርደ ገምድልነት አይሆንም።

እውነት ነው፣ ማዳመጫን ደብቆ መሞከር ቡናን ደብቆ ከመቅመስ ይልቅ ይከብዳል። ክብደቱና ስፖንጁ በራስ ላይ ሲቀመጥ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ያሳብቃል። ስለዚህ በማዳመጫ በኩል ጥሩ ረዳት የሚሆነው የመሣሪያ ልኬት ነው። የሰው ጆሮ አምሳያ ባለው የምርመራ መሣሪያ ላይ ተደርጎ የድምፁ አወጣጥ በሥዕል ሲገለጥ፣ አንዱ ገምጋሚ ከሌላው ገምጋሚ ጋር ሊመሳከር ይችላል። ልኬት ሁሉን አይናገርም፤ ምቾትን፣ ክብደትን፣ የዕቃውን ጽናት አይነግርም። የሚናገረውን ግን ያለ ወዳጅነት ይናገራል።

ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚጠቅም አካሄድ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ሥራ ሲመለስ እንደሚከተለው ይሆናል። አንደኛ፣ የገምጋሚው ጽሑፍ ሲነበብ ሦስቱ ዐይነት ቃል ይለይ። ክብደቱ፣ ኦሙ፣ የሽቦው መሰኪያ፣ የጀርባው ክፍትነት ወይም ዝግነት፣ የመሣሪያ ልኬቱ የሚመረመር እውነት ነውና ይታመን። «ከእገሌ ዕቃ ይልቅ ወፍራም ድምፁ ይበዛል» የሚለው ንጽጽር ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎች ሳይነጋገሩ ከተስማሙበት ይታመን። «ነፍስን ያስደስታል» የሚለው ውዳሴ ግን እንደ ውዳሴነቱ ይነበብና ይታለፍ።

ሁለተኛ፣ የዘመን ምስክርነት ከአንድ ሳምንት ጩኸት ይበልጥ ይከበር። በ1997 የወጣው የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በገበያ ላይ ሲቆይ በየጊዜው የተነሡ ገምጋሚዎች መስክረውለታል። ትናንት ወጥቶ ዛሬ የተወደሰ ዕቃ ግን ስፖንጁ መቼ እንደሚቀደድ፣ ማጠፊያው መቼ እንደሚሰበር ገና ማንም አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ዕቃው ለማን እንደሚሸጥ አስቀድሞ ይታወቅ። አፕል በ2016 ባወጣው ስልክ ላይ ክቡን የማዳመጫ ቀዳዳ ካስቀረ ወዲህ ብዙ ስልክ ሠሪዎች ተከትለውታል፤ ባለ ሽቦ ማዳመጫ የሚገዛ ደንበኛ የት ላይ እንደሚሰካው መጠየቅ አለበት። የባየርዳይናሚክ ዲቲ 880 በ32፣ በ250ና በ600 ኦም ተሠርቶ የተሸጠ ስለሆነ፣ ስሙን ብቻ ጽፎ ያዘዘ ነጋዴ ያላሰበውን ዐይነት ሊቀበል ይችላል። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ በትክክል ይጻፍ።

አራተኛ፣ የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠየቅ። የዜንሃይዘር የሕዝብ ማዳመጫ ክፍል በ2022 ሶኖቫ ለተባለው የስዊስ ድርጅት ተላልፏል። ስሙ ያው ሆኖ ባለቤቱ ሲለወጥ ዋስትናውና መለዋወጫው በማን በኩል እንደሚገኝ በጽሑፍ ማረጋገጥ ከጸጸት ያድናል። በታወቁ ስሞች ተመሳስሎ የሚሠራ ሐሰተኛ ዕቃም በየአገሩ ስለሚገኝ፣ ገምጋሚው ያመሰገነው ዕቃና በካርቶን የመጣው ዕቃ አንድ መሆናቸውን መመርመር የአስመጪው ግዴታ ነው።

አምስተኛ፣ ሃያ አራት ከማዘዝ በፊት ሁለት ናሙና ይምጣ። ናሙናውን ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን መነጽር ያደረገ፣ ወጣትም ሽማግሌም፣ ዋጋውን ሳይነገራቸው በለመዱት ሙዚቃ ይስሙት። የአገራችን ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ በገምጋሚዎቹ መዝገብ ውስጥ አይገኙምና፣ ደንበኛው የሚሰማውን ሙዚቃ በሱቁ ውስጥ ማሰማት የባለሱቁ ድርሻ ነው። ድምፁም በመጠን ይሁን፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ፣ ከ80 ዴሲቤል ያላለፈ ማዳመጥን ይመክራል።

እንግዲህ ባለሙያ ገምጋሚ ምን ያህል ይታመን ቢባል፣ መልሱ የሚበላውን ሳይሆን የሚገዛበትን ገበያ እንደሚጠቁም ሰው ያህል ነው። ከመቶው ማዳመጫ ውስጥ አምስቱን ለመምረጥ ይረዳል፤ ከአምስቱ አንዱን ለመምረጥ ግን የደንበኛው ጆሮ፣ ራስና ኪስ ይበልጣሉ። ያ በምሳሌ የተነሣው ባለሱቅም ሁለት ናሙና አስመጥቶ በስልኩ ላይ ሰክቶ ቢሆን ኖሮ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እውነቱን ይደርስበት ነበር።

በመጨረሻም ሊታሰብ የሚገባው፣ ደንበኛ የውጭ አገሩን ገምጋሚ በስም አያውቀውም። የሚያውቀው ዕቃውን ያቀረበለትን ባለሱቅ ነው። ባለሱቁ «ይህ ለአንተ ይሆናል፣ ይህ ግን አይሆንህም» ሲል ለደንበኛው ዋናው ምስክር እርሱ ራሱ ነው። ሊሸጥ የሚችለውን ውድ ዕቃ «ለአንተ አይሆንህም» ብሎ የመለሰ ነጋዴ በዚያ ቀን ትርፉ ቢጎድል፣ ደንበኛው ግን በሌላ ቀን ወንድሙን አስከትሎ ይመጣል።